መኝታ ቤቴ በአዋጅ

መኝታ ቤቴ በአዋጅ የቱሪስት መስህብ ሆነ! እውነቴን ነው! እማዬ ምክር ቤት ጸሐፊ ናት። የብሔራዊ ቱሪዝም ቦርድ ማቋቋሚያ አዋጁን ስትተይብ፣ የመስህቦቹ ሰንጠረዥ እንዴት እንደሚወጣላት ልትሞክር "የልጄ ክፍል፣ ጉድ የሚታይበት" ብላ ከነቤት ቁጥራችን ሞላችና ማጥፋቱን ረሳችው። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ! ማንም አላነበበውማ!

ዛሬ ጠዋት የቦርዱ ሰውዬ ቤታችን ከች አለ። ደንግጬ መጥረጊያ ሳነሳ "ተይ እንጂ እህቴ! መስህብ መነካካት ያስቀጣል" ብሎ ነጠቀኝ። አልጋ ስር የወደቀችው ካልሲዬ ላይ ሳይቀር ቁጥር ለጠፈባት። እማዬ ወደ ጓዳ ጎትታኝ "ስህተት ነው ካልሽ ከሥራ ያባርሩኛል፤ አፈር ስሆንልሽ ዝም በይ" አለችኝ። ነገ ሃያ ቱሪስት ይመጣል! እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?