ስም የለሹ ሸማኔ

ሰባት ወር ሙሉ «እውነቱ ይውጣ» በሚል ስም ጻፍኩ። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ነው፤ ሦስት መቶ ምናምን ሰው አለበት። የፊቴ ፎቶ የለበትም፣ ስልክ ቁጥሬም አይታይም። ጀግንነቴ ይህችን ታህል ነበረች።

የጻፍኩት ግን ውሸት አልነበረም። አንዳንድ አሠሪዎች የፋብሪካ ጨርቅ ላይ በእጅ የተሠራ ጥለት ሰፍተው «ሙሉ በሙሉ የእጅ ሥራ ነው» እያሉ ይሸጣሉ። አንዱ ጋሽ አምኃ ናቸው። ጋሽ አምኃ ደግሞ ለእኔ አሠሪ ብቻ አይደሉም። በአሥራ አራት ዓመቴ ከጨንጫ ስመጣ ቤታቸው ያሳደሩኝ፣ መወርወሪያ አያያዝ ያስተማሩኝ፣ ፀጋን ሳገባ ሽማግሌ ሆነው የሄዱልኝ እሳቸው ናቸው። ፊታቸው ቆሜ «ያጭበረብራሉ» ማለት አልቻልኩም። በስልክ ግን ቻልኩ። ስማቸውንም ጠራሁ፤ ማስረጃ ብዬ ፎቶም ለጠፍኩ።

ባለፈው ሐሙስ የግሩፑ አድሚን ቤዛብሕ ማስታወቂያ ለጠፈ። «ከሰኞ ጀምሮ በእውነተኛ ስሙ የማይጽፍ ይወጣል። ሰው የሚከስ ስሙን ይዞ ይክሰስ።»

መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ ከዚያ ደሜ ፈላ። ስሙን የደበቀ ሰው ባይኖር ስለ ፋብሪካው ጨርቅ ማን ትንፍሽ ይል ነበር? ሁላችንም የምንበላው ከአሠሪ እጅ ነው። ይህንኑ ለባለቤቴ ለፀጋ ስደነፋላት ድንች እየላጠች ነበር።

«ልክ ነህ፣ የፈራ ይደበቅ» አለችኝ። «አንተ ግን ጋሽ አምኃን በስማቸው ጠርተህ የራስህን ደበቅክ። እኔን ያላማረኝ እሱ ነው።»

ልክ ስትሆን ደግሞ እንዴት ታናድዳለች!

እሑድ ከቸርች መልስ ስሜን «ሱራፌል ዳና» ብዬ ቀየርኩ። «ስለ ጋሽ አምኃ ሽመና ቤት የጻፍኩት እኔ ነኝ» ብዬ ላክሁና ስልኬን አጠፋሁት።

ሰኞ ጠዋት ሽመና ቤት ስደርስ ጋሽ አምኃ መነጽራቸውን አድርገው፣ ስልካቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሥራዬን እንደማጣ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ከሥራው በላይ ግን እሳቸውን ማጣት ነው ያስፈራኝ።

«ጋሼ፣ እ... ማለቴ...»

«አይቼዋለሁ። ምን አዲስ ነገር አለው?» አሉና ስልኩን አዞሩልኝ። ያኔ የለጠፍኩት ፎቶ ነው፤ የፋብሪካው ጨርቅ በግራ፣ የእጅ ሥራው በቀኝ፣ ሰው ልዩነቱን እንዲያይ ብዬ። ፎቶው ከውስጥ ሰው እንደመጣ እንዳይታወቅ ግድግዳውን እንኳ ቆርጬ አውጥቻለሁ። «የቀኙን ጥለት ማን ሠራው?»

አየሁት። የራሴ ነበር። አረንጓዴው ጋ ስደርስ ማጉን ከልክ በላይ አጠብቃለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲቆጡኝ የኖሩበት አመል ነው። ሸማኔ ሸማኔን በሥራው እንደሚያውቀው ረስቼ፣ ሦስት መቶ ሸማኔ ፊት እጄን ለጥፌዋለሁ!

«ሌላውም ሰው ያውቃል?»

«ከዚህ እስከ ቁስቋም ያለ ሸማኔ በሙሉ ያውቃል። እንዳታፍር ብለው ነው ዝም ያሉህ።»

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ሰባት ወር የተሸከምኩት ፍርሃት ሁሉ ከላዬ ወረደ።

«ታዲያ እርስዎ ለምን ዝም አሉ?»

«ስም ለሌለው ሰው ምን ብዬ ልመልስ? ጠርቼ ባናግርህ ደግሞ ደንግጠህ ይቅርታ ትለኝ ነበር። ይቅርታ የምለው እኔ ሆኜ ሳለ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ሸጫለሁ ልጄ። ያንን ካነበብኩ ወዲህ ግን አንድም አልሸጥኩም።»

ስልካቸውን እጄ ላይ አስቀመጡት። «ጣቴ ፊደሉን እየሳተ አስቸገረኝ፤ አንተ ጻፍልኝ።»

እየነገሩኝ ጻፍኩ። «የፋብሪካ ጨርቅ የእጅ ሥራ ነው ብዬ ሸጫለሁ። ከእኔ የገዛ ይዞት ይምጣ፣ እቀይርለታለሁ።» ስማቸው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ።

«ጋሼ፣ ስምዎ ቢቀርስ? ሰው ምን ይላል?»

«ጻፈው። ከነአባቴ።»

አምኃ ኦይቻ ብዬ ጻፍኩና ላክሁት። ሁለታችንም ስልኩ ላይ አፍጥጠን ቆየን፤ ከግሩፑ ገና ማንም አልመለሰም። ከዚያ ስልኩን ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱና «በል ግባ፣ ሥራ አለ» አሉኝ።

እግሬን ከሽመና ዕቃው ሥር ባለው ጉድጓድ ከትቼ ድሩ ፊት ተቀመጥኩና ቀና ብዬ አየኋቸው። ፊታቸውን ሳልፈራ ካየሁ ሰባት ወር ሆኖኝ ነበር።