በየሳምንቱ ይታይ

ባትሪ ጠጋኟ ደንበኞቿን የምታሰለቸው በአንድ ነገር ነው። «በሳምንት አንዴ በዓይናችሁ እዩት፤ በወር አንዴ አምጡትና ልለካው። ካበጠ ወይም ከጋለ ቻርጅ ማድረግ አቁሙ!» ይህንኑ በትልልቅ ፊደል ጽፋ ሱቋ ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች። ግን ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ሰዉ ራሱን ነቅንቆ ይሄድና ከስድስት ወር በኋላ የተቃጠለ ነገር ተሸክሞ ይመጣል።

አባቷን ግን ታምነዋለች። እግሮቹ ከከዱት ወዲህ የሚንቀሳቀሰው በባትሪ በሚሠራ ወንበር ነው። ዕድሜውን መዝገብ ቤት የሠራ ሰው በመሆኑ በየእሁዱ ደብተሩ ላይ «ታየ፤ ደህና ነው» ብሎ ይፈርማል።

ዛሬ ልትጠይቀው ስትገባ ከወንበሩ ሥር የኬሚካል ሽታ አፍንጫዋን መታት። ጎንበስ ብላ ክዳኑን ከፈተችው። ባትሪው ሆዱ ተነፍቶ ሽፋኑን ሰንጥቆታል። የአንድ ቀን እብጠት አይደለም።

«አባዬ! ይሄ መቼ ነው ያበጠው?»

«እኔ እንጃ።»

«ባለፈው እሁድ ደህና ነው ብለህ ፈርመሃል እኮ! አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ።»

ደሟ ፈላ። አገር ምድሩን ስታስጠነቅቅ ትውላለች፣ የገዛ አባቷ እሳት ላይ ተቀምጦ ይፈርማል!

«ተኝተህ ቢፈነዳስ? ለማን ብዬ ነው ስለፈልፍ የምውለው?»

አባትየው ደብተሩን ዘጋ። «አምና አብጧል ብዬ ስነግርሽ፣ ነገ እመልሰዋለሁ ብለሽ ወሰድሽው። ሃያ ሁለት ቀን አልጋ ላይ ተጋድሜ ጣሪያ ሳይ ከረምኩ። ስደውልልሽ ‹ደንበኛ አለብኝ› ትይኛለሽ።»

እውነቱን ነው። ደንበኞቹ ይጮኻሉ፤ እሱ አይጮኽም። ስለዚህ ያኔ የሱን ባትሪ መደርደሪያው ሥር ገፍታ፣ የሚጮኹትን ስታስቀድም ነበር የከረመችው። ንዴቷ አልበረደም፤ አሁን ግን የተናደደችው በራሷ ነው።

ባትሪውን ፈትታ ግቢው ውስጥ አሸዋ በሞላው የብረት ባልዲ ከተተችው።

«ዛሬውኑ አዲስ እገጥምልሃለሁ» አለችው ስትመለስ።

«ያኔም እንዲሁ ነበር ያልሽኝ። ይልቅ ኮቴን አቀብይኝ፤ አብሬሽ ሱቅ እሄዳለሁ።»

«እዚያ ምን ትሠራለህ?»

«እጮኻለኋ! እንደ ደንበኛ።»

ልትስቅ ቃጣት። ፊቱን ስታየው ግን ቀልድ አልነበረውም። ኮቱን አልብሳ አዘለችውና ታክሲ ፍለጋ ወጣች።