የላራሚዋ አሮጊት

ወልደየሱስ ደብረ ታቦር ላይ አስራ ዘጠኝ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሯል። ኮሎምበስ ከመጣ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ግሮቭ ሲቲ አንድ ዌርሃውስ ውስጥ ጫማ በካርቶን ያሽጋል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ስሙን አስተካክሎ የሚጠራው የለም፤ ሱፐርቫይዘሩ "ዎልዲ" ይለዋል። ቅዳሜ ግን መምህር ነው። ዋይትሆል ሰፈር በሚኖርበት አፓርትመንት የነዋሪዎች መሰብሰቢያ ክፍል ውስጥ፣ እዚህ ለተወለዱ ልጆች አማርኛ ያስተምራል። ዘዴውም የራሱ ነው። በየሳምንቱ አንድ ስቴት ይመርጥና ተራራውን፣ ወንዙን፣ ሕዝቡንና ታሪኩን በአማርኛ ያስረዳል። ወላጆች ከኋላ ወንበር ይዘው ሲያዳምጡት ደረቱ ይሰፋል። ሳምንቱን ሙሉ የሚኖረው ለዚያች ሁለት ሰዓት ነበር ማለት ይቻላል።

በጥር አንድ ቅዳሜ ተራው የዋዮሚንግ ሆነ። አምስት ምሽት ተዘጋጅቶበታል። ሰሌዳው ላይ ስፋቷን ጻፈ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ሦስት ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር። ሕዝቧን ጻፈ፣ ስድስት መቶ ሺህ የማይሞላ። ስቴት የሆነችበትን ዓመት ጻፈ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 1890።

"ያንን የሚያህል አገር ይዛ፣ ሕዝቧ ከዚች ከኮሎምበስ ከተማ ሕዝብ ያንሳል" አለ።

ሁለት ልጆች ጠረጴዛ ሥር ስልክ ይነካካሉ። ወልደየሱስ ወደ ተራሮቹ ከፍታ አለፈ።

ያን ዕለት ከወላጆቹ ጋር ፍርዶስ ተቀምጣ ነበር። የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ ትራክ ትነዳለች። ከሪከንባከር የጭነት አውሮፕላን ማረፊያ እየጫነች በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ሶልት ሌክ ሲቲ ትመላለሳለች። የመጣችው የእህቷን ልጅ አሚራን ልታደርስ ነው፤ ብርዱን ሸሽታ ቁጭ አለች እንጂ ለትምህርቱ አልነበረም። እጇን አወጣች።

"መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ንፋሱን አልነገሯቸውም።"

"የትኛውን ንፋስ?"

"የዋዮሚንግን ነዋ። ትራክ ይገለብጣል።"

ልጆቹ ዘወር አሉ። ፍርዶስ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ መናገር ጀመረች። ንፋሱ ሲበረታ አውራ ጎዳናውን እንደ ግቢ በር በብረት ይዘጉታል፤ ትራኩ ሁሉ ማይል በማይል ተሰልፎ ያድራል። አንድ ሰዓት ነድተሽ አንድ ቤት አታዪም፤ ሚዳቋ የመሰሉ እንስሳት ግን በመንጋ ቆመው ያዩሻል። የከተሞቹ መግቢያ ላይ ታፔላ አለ፤ የሰዉ ብዛትና የቦታው ከፍታ ጎን ለጎን ተጽፎበታል፤ ከፍታው ከሰዉ ይበልጣል። እዚህ ላይ ልጆቹ ሳቁ። ሮውሊንስ ላይ ጎማዋን የቀየረላት ሰውዬ አራፓሆ ከሚባለው ነባር ሕዝብ ነበር፤ አያቶቹ ባቡሩም መንገዱም ሳይመጣ በፊት እዚያው እንደነበሩ ነግሯታል።

"እሱ ስለ ንፋሱ ምን ይላል?" አለ አንዱ ልጅ፣ በአማርኛ። ያ ልጅ በአማርኛ ሲጠይቅ የመጀመሪያው ነበር።

ወልደየሱስ ማርከሩን እንደያዘ ቆመ። አራፓሆና ሾሾኒ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች እሱ በተዘጋጀበት ወረቀት ላይ ነበሩ። ሮክ ስፕሪንግስ ላይ በ1885 የተገደሉት ሃያ ስምንት ቻይናውያን የከሰል ማዕድን ሠራተኞችም ነበሩ። አሳምሮ የጻፈው እሱን ነበር። ሳይደርስበት ሰዓቱ አለቀ።

ክፍሉን የምታስተባብረው እትዬ ደስታ ወንበር እያነሳሳች "ምነው ፍርዶስ በመጣች ቁጥር እንዲህ ብታወራቸው? መምህርም ያርፉ ነበር" አለች።

ለደግ ነው ያለችው። እሱ ግን "ያርፉ" የምትለዋን ቃል ቤቱ ይዟት ገባ። ቀምሶ የማያውቀው ዓይነት ቅናት ያዘው። በትምህርቱ የሚስተካከለው አጥቶ የኖረ ሰው ነው፤ ስምንተኛ ክፍልን ያልጨረሰች ሴት መሪ ስለጨበጠች ብቻ በለጠችው። ካስተማራቸው ተራሮች ሁሉ አንዱንም በዓይኑ አላየም። እሷ ግን ደርሳ የምትመለሰው ጭነት ልታራግፍ ነው። ይህን ሲያስብ እንቅልፍ ይነሳዋል፤ ካርቶን ሲያሽግም ያስበዋል። ፍርዶስ የተናገረችውን እየፈተሸ ስህተት ፈለገ፤ አላገኘም።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ደወለችለት። ላራሚ በምትባል የዋዮሚንግ ከተማ መንገድ ተዘግቶባት ሁለተኛ ቀኗ ነው። ትራኳን አቁማ በእግሯ ወደ ከተማ ገብታ አንድ ሐውልት አየች። የአሮጊት ሐውልት ነው። ጽሑፉን በረዶ ሸፍኖታል።

"ፎቶውን ላኩልዎት። ማን ትሆን መምህር? ቅዳሜ ለልጆቹ ልነግራቸው ብዬ ነው።"

"ጎግል አታደርጊም እንዴ?"

"እርስዎ እያሉ ምን ጎግል አደርጋለሁ" አለች።

ወልደየሱስ በአምስት ደቂቃ አገኘው። ሴትዮዋ ሉዊዛ ስዌይን ትባላለች። ዋዮሚንግ ስቴት ሳትሆን ገና፣ በ1869፣ ሴቶች ይምረጡ ብላ ሕግ አውጥታ ነበር። በቀጣዩ ዓመት መስከረም ላይ ይህች ዕድሜዋ ወደ ሰባ የተጠጋ ሴት የዳቦ እርሾ ልትገዛ ትንሽ ባልዲ ይዛ በማለዳ ወጣች፤ ምርጫ ጣቢያውን ስታይ ገባችና ድምፅ ሰጠች። በአገሪቱ ሴት ከወንድ እኩል በሚመርጥበት ሕግ ድምፅ የሰጠች የመጀመሪያዋ እሷ ናት ይባላል።

ደጋግሞ አነበበው። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ፍርዶስ ቆማ ስትተርከው ታየው። ሴቶቹ ልጆች ዓይናቸውን ከእሷ ሳይነቅሉ፣ እናቶቹ ከኋላ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ታየው። እጁ ስልኩ ላይ ትንሽ ቆየና ጻፈ። "የከብት አርቢ ሚስት ናት። ባሏ በበረዶ ጠፍቶ ልትፈልገው ወጥታ እሷም ቀረች። ለመታሰቢያዋ ነው ያቆሙት።"

በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለተማሪ የማያውቀውን "አላውቅም" ብሎ ያውቃል እንጂ ውሸት ተናግሮ አያውቅም። ፍርዶስ "አላህ ይስጥልኝ መምህር" ብላ መለሰችለት።

ቅዳሜ ፎቶውን በክፍሉ ትልቅ ቲቪ ላይ አሳይታ ተረከችላቸው። እሱ በሁለት መስመር የላከላትን እሷ በረዶውን ነድታበት ስለምታውቀው ሕይወት ዘራችበት። አንዲት እናት እንባዋን ጠረገች። ወልደየሱስ ጥግ ላይ ቆሞ፣ በእሱ ውሸት እንኳን እንደምትበልጠው አየ።

የእትዬ ደስታ ልጅ ሄራን አስራ ሁለት ዓመቷ ነው። ሐውልቱን ፈልጋ ያገኘችበትን ስልኳን ቀና አደረገች።

"ባት ኢት ሴይስ ሺ ቮትድ" አለች። "ፈርስት ውማን ቱ ቮት። የመረጠች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ስለ በረዶ ምንም የለም።"

ልጆቹ ተያዩ። አንዱ "ሺ ሜድ ኢት አፕ፣ ፈጥራው ነው" ብሎ ሳቀ። አሚራ አንገቷን ደፋች። የፍርዶስ ፊት ቀላ፤ ወደ ወልደየሱስ ግን አልዞረችም።

"እንግዲህ ተሳስቼ ይሆናል" አለች። "የሰማሁትን አምታትቼው ነው። ይቅርታ ልጆች።"

ጃኬቷን አንስታ ወጣች። ስሙን አለመጥራቷን ባየ ጊዜ ወልደየሱስን መጀመሪያ የተሰማው እፍረት አልነበረም። ለዚያም ቀናባት። እሱ ቢሆን አያደርገውም ነበር።

እፍረቱ የመጣው እሑድ ነው፤ ረቡዕ ድረስም አልለቀቀውም። ረቡዕ በምሳ እረፍት ዌርሃውሱ ደጃፍ ቆሞ ደወለላት። የሞተሩ ድምፅ ይሰማል፤ እየነዳች ነው።

"ፍርዶስ፣ ያን ቀን የነገርኩሽን ሳላውቅ አይደለም። እውነቱን አንብቤ ነው ሌላ የጻፍኩልሽ።"

"ምን አድርጌዎት ነው?" አለችው።

"ምንም። ቀናሁ።"

"በእኔ? ስምንተኛን ሳልጨርስ በወጣሁት?"

"ለዚያ ነው።"

"እኔስ ይሁን" አለች። "አሚራ ግን አክስትሽ ውሸታም ናት እየተባለች ትምህርት ቤት ስታለቅስ ነው የሰነበተችው። ለእኔ የነገሩኝን ለእነሱ ይንገሩ።" ስልኩን ዘጋችው።

ቅዳሜ ወልደየሱስ ልጆቹ ፊት ቆመ። ወላጆቹ ከኋላ አሉ። ማርከሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ፍርዶስ ታሪኩን እንዳልፈጠረችው፣ የፈጠረው እሱ እንደሆነ ተናገረ። ሄራን ግራ ገብቷት አየችው።

"ዋይ?" አለች። "ማለቴ፣ ለምን?"

"እሷን ስትሰሟት ጊዜ ከፋኝ። እኔን ብቻ እንድትሰሙኝ ፈለግሁ።"

"ሶ ዩ ወር ጄለስ።"

"በአማርኛ ቅናት ይባላል" አለ። ከኋላ ማንም አልሳቀም። አንድ አባት ልጁን እጁን ይዞ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህም አልመለሰውም። እትዬ ደስታ እንዲቀጥል በአገጯ ምልክት ሰጠችው። ያኔ የባልዲዋንና የእርሾዋን ታሪክ ነገራቸው። መሐል ላይ ልጆቹ ጸጥ ብለው ሲያዳምጡት ደስ ሊለው ከጀለው። የማን ታሪክ እንደሆነ ትዝ ሲለው አሳጥሮ ጨረሰው። አሚራ ስትወጣ አጠገቡ ቆም አለችና "ቴንክ ዩ፣ መምህር" አለችው። እሱ ይህን ምስጋና የሚያደርግበት አጣ።

ፍርዶስ ሁለት ወር አልመጣችም። አሚራን የሚያደርሳት ጎረቤታቸው ሙክታር ሆነ። ወልደየሱስ እንደ ድሮው አስተማረ፤ ወላጆቹ ሰላምታ ይሰጡታል፣ ግን ከትምህርቱ በኋላ ከበው የሚያወሩት ቀርቷል።

የነብራስካ ቅዳሜ በሩ ተከፈተና ፍርዶስ አሚራን ይዛ ገባች። ኋላ ተቀመጠች። ወልደየሱስ ጀምሮ የነበረውን ዓረፍተ ነገር አቋርጦ "ነብራስካን ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃታለች" አለ። አፉ እየመረረው ነው ያለው።

ፍርዶስ ወዲያው አልተነሳችም። ልጆቹ ሲለምኗት ወደ ፊት ወጣች። ስለ በቆሎው፣ ስለ ከብቱ፣ በጸደይ ፕላት ወንዝ ላይ ስለሚያርፉት ሺህ በሺህ ወፎች አወራች። እሱ አስቸጋሪዎቹን ቃላት ሰሌዳው ላይ ይጽፍላታል። መሐል ላይ ዘወር አለችበት።

"መምህር፣ ሰሜን ፕላት የሚባለው ከየት ነው የሚነሳው?"

ክፍሉ ውስጥ ያሉ ትልልቆቹ ሁሉ እሱን አዩት።

"ከኮሎራዶ ተራሮች። ዋዮሚንግን ያቋርጥና ነው ወደ ነብራስካ የሚመጣው።"

ፍርዶስ ለአፍታ ዓይኑን አየችው። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞራ የወንዙን መንገድ በእጇ አየር ላይ እየሳለች፣ በረዶው ሲቀልጥ ድልድዩ ላይ ቆማ እንዳየችው አድርጋ ነገረቻቸው። መምህር ነገሩኝ አላለችም። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው አዳመጧት። ቅናቱ ወልደየሱስን በተለመደው ቦታ ወጋው። ወደ ሰሌዳው ዞረና "ተፋሰስ" ብሎ በትልቁ ጻፈ።