የታመመው ድምፅ

እንየው ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ብሎ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ዘፈን ሚክስ ያደርጋል። ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶንና በአሮጌ ብርድ ልብስ ቢሸፍነውም ከባጃጅ ጡሩምባ አልዳነም። የታወቀው ድምፅ በማወፈር ነው። በስልክ የተቀዳ ቀጭን ድምፅ ያመጡለታል፤ እሱም ሳቹሬሽን የሚባለውን ሶፍትዌር ይጭንበትና የድሮ ካሴት ሙቀት ያለብሰዋል። ኮስማናው ድምፅ ሥጋ ዘርቶ ይወጣል፤ ደንበኛውም መርቆት ይሄዳል።

አንድ ክፉ ልማድ ግን አለው። ኮምፒውተሩ ስላረጀ ዘፈንና ሶፍትዌር አንድ ላይ መሸከም አይችልም። ስለዚህ ሙቀቱን ድምፁ ላይ እንዳይነሳ አድርጎ አትሞ፣ ቦታ እንዳያጣብብ ጥሬውን ቅጂ ያጠፋዋል። ያማረው እያለ ጥሬውን ማን ይፈልገዋል ባይ ነው።

አባቱ አስረስ በውጫሌ ዙሪያ በማሲንቆውና በድምፁ የታወቀ ነበር። አምባሰልን ሲያወርደው ባለሰርጉ ሁሉ ይሻማበት ነበር። ሳንባውን ታሞ አልጋ ሲይዝ ድምፁም አብሮት ታመመ። አንድ ቀን ከሰዓት ሚስቱ ስህን አጠገቡ ተቀምጣ ሳለ፣ ሳትለምነው ማንጎራጎር ጀመረ። ስልኳን አንስታ ቀዳችው። ብዙም ሳይቆይ አረፈ። ለለቅሶ የመጣው እንየው የእናቱ ስልክ ሞልቶ ቢያገኘው ቅጂውን ወደ ራሱ ገልብጦ ከስልኳ ላይ አጠፋላት።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ እናቱን ሊያስደስት አሰበ። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል፤ እሱ ግን ምን እንደምትወድ አልጠየቃትም። የአባቱን ሳል ቆርጦ ጣለ፣ ሲርሲርታውን አጠበ፣ ከዚያ ሳቹሬሽኑን ጨመረ። ትንሽ ቆይቶ ያ የሰርግ ቤቱ አስረስ ከስፒከሩ ወጣ። እንየው አለቀሰ። እንባውን እየጠረገ እንደ ልማዱ አተመው፤ ጥሬውንም አጠፋ።

በማግስቱ በሚኒባስ ውጫሌ ወርዶ፣ እናቱን አስቀምጦ ከፈተላት። ስህን መጀመሪያ ፈገግ አለች። እየቆየ ግን ፊቷ ጠቆረ። ዘፈኑ ሲያልቅ እጁን መርቃ፣ አሁን ደግሞ የኔን ክፈትልኝ አለችው።

እንየው ይኸው እኮ ነው ቢላት ራሷን ነቀነቀች።

«ይኸማ የሰርግ ቤቱ ነው፤ አገር ጠግቦ ሰምቶታል። እኔ ጋ የሚመጣው ድምፁን ጨርሶ ለመተኛት ነበር። ለኔ የዘፈነልኝ ከደከመ ወዲህ ነው፣ ልጄ። የታመመውን አምጣልኝ።»

እንየው የሶፍትዌሩን ቁልፍ በልቡ ወደ ኋላ አዞረው። የታተመ ሙቀት ግን አይነሳም፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

«የለም፣ እማዬ። አጠፋሁት።»

ብትቆጣው በወደደ። እሷ ግን መሬት መሬት እያየች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው።

«መጨረሻ ላይ ‹ስህኔ፣ ውሃ ስጭኝ› ያለኝስ?»

እንየው ትዝ አለው። ከሳሉ ቀጥሎ የመጣ፣ በጭንቅ የሚሰማ ቃል ነበር። ከዘፈኑ ውጭ ነው ብሎ ከሳሉ ጋር ቆርጦታል። 

እንደገና እንዲከፍትላት ጠየቀችው፤ ከፈተላት። ስህን ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው ሰማች። ዘፈኑ አልቆ ዝም ሲል ብድግ አለች፤ ከጆጉ ውሃ ቀድታ ወደ አስረስ ባዶ አልጋ ሄደች። ኩባያውን እንደያዘች ራስጌው ጋ ቆመች። የሚቀበላት አልነበረም።

ተመልሳ ለልጇ ዘረጋችለት።

«እንካ፣ አንተ ጠጣው» አለችው።

እንየው በሁለት እጁ ተቀብሎ ተጎነጨ።