የጌታነሽ በርኖስ

በ1998 ዓ.ም. ጽናት በመንዝ፣ በሞላሌ ከተማ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለች፣ የታሪክ አስተማሪዋ መምህር ምንተስኖት ከአዲስ አበባ አንድ የኮሚክ መጽሐፍ ይዘው መጡ። ታሪኩ ከሥዕል ወደ ሥዕል የሚሄድ ነው፤ በውስጡ የግሪክ አፈ ታሪክ ሴት ጦረኞች ጋሻ አንግበው ይዋጋሉ። ጽናት ሦስት ቀን ሙሉ ከእጇ አልለየችውም።

"እኛም እኮ አለችን፤ ጌታነሽ!" አለቻቸው መጽሐፉን ስትመልስ።

ጌታነሽ በአገሩ ተረት፣ ወንዶቹ ዘምተው ሳለ የመጣን ወራሪ ገደል አፍ ላይ ድንጋይ እያንከባለለች ሰባት ቀን ያገደች ሴት ናት።

"እንግዲያው አንቺው ሳያት" አሉ መምህሩ። "ትምህርት ሲዘጋ ግድግዳ ላይ እንለጥፋታለን።"

ጽናት አሥራ ሁለት ገጽ ሳለች። ጌታነሽን ከጉልበት በላይ የቀረ የቆዳ ልብስና ረጅም ቦት ጫማ አለበሰቻት። ተረቱን በልጅነቷ የነገሯት የአባቷ አክስት እማማ ወሰኔ ነበሩና፣ ወስዳ አሳየቻቸው።

እማማ ወሰኔ የሚፈትሉትን የበግ ጠጉር አስቀምጠው ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አዞሩ።

"ይህቺ ደሞ የማን ልጅ ናት?"

"ጌታነሽ ናት፣ እማማ።"

"በመንዝ ብርድ? እንዲህ ተራቁታ? ልጄ፣ ይህቺንማ ጠላት ሳይደርስባት ውርጩ ይጨርሳታል!"

ጽናት አፍራ ወረቀቷን ልትሰበስብ ስትል አሮጊቷ እጇን ያዙ።

"ቆይ እንጂ። የባሏን በርኖስ ነበር የለበሰችው። እየረዘመባት ጫፉን ስትረግጥ ትደናቀፍ ነበር። ደግሞ ሁለቴ ሸሽታለች።"

"ጌታነሽ ሸሸች?"

"ፈርታ ነዋ! ሁለቴ ቤቷ ተመልሳ አልቅሳለች። በሦስተኛው ጎረቤቶቿን ጠርታ ወጣች። ያን ሁሉ ድንጋይ ብቻዋን ያንከባለለችው መሰለሽ?"

"ይህን አልነገሩኝም ነበር።"

"ልጅ ነበርሽ፤ እንዳትፈሪ ብዬ ነው። አሁን ትልቅ ሰው ሆነሻል።"

ጽናት ሁሉንም እንደገና ሳለችው። በርኖሱ ብዙም አላስቸገራት። የሚያለቅሰው ፊት ግን አልመጣ ብሎ አራት ወረቀት አበላሸች፤ በመጨረሻ መስተዋት ፊት ተቀምጣ የራሷን ፊት ሳለች።

በሰኔ፣ ትምህርት በተዘጋ ዕለት፣ ተማሪው ግድግዳውን ከበበው። አንዱ፣ "ጀግና ታለቅሳለች እንዴ?" ብሎ ሳቀ። ይህን ጊዜ እማማ ወሰኔ በትራቸውን እየተመረኮዙ ደረሱ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን ከመጀመሪያው ሥዕል ላይ ጣታቸውን አሳርፈው፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሻገሩ፣ ታሪኩን ጮክ ብለው ይተርኩት ጀመር። የሳቀውም ልጅ ለመስማት ጠጋ አለ።

ሲጨርሱ፣ ከግሼ ወረዳ መጥታ ዘመድ ዘንድ ተቀምጣ የምትማር ጸጥተኛ ልጅ፣ ሐና፣ እጇን አወጣች።

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኛ አገር ጌታነሽ ፈረስ አላት።"

"የምን ፈረስ! ያን ገደል ፈረስ ይወጣዋል?"

"ነጭ ፈረስ ነው። አያቴ ናቸው ያሉኝ።"

"አያትሽ ተሳስተዋል!"

ክርክሩ ጦፈ፤ ተማሪው ግማሹ ከእማማ ወሰኔ፣ ግማሹ ከሐና ወገነ። ጽናት ግን ሐናን በእጇ ስባ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠቻትና ደብተሯን ገለጠች።

"ነጭ ነው ያልሽኝ? ከየት አገኘችው? ቀስ ብለሽ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።"