ግማሽ ነጭ፣ ግማሽ ጥቁር ድንጋይ

ጥሩሐረግ ሥዕል ካየች አትለቅም። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ትልቅ ፎቶ ከተለጠፈ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ሦስቱንም ቀን አፍንጫዋ ከወረቀቱ ጋር ሊጣበቅ ምንም አልቀረው። ፎቶው ከአውሮፕላን የተነሣ ነው። አገሩ ሁሉ አለበት፤ የየሰዉ ማሳ በቀይ መስመር ታጥሮ ቁጥር ተሰጥቶታል።

«መሬቴ ተሳስቶ ተጽፏል የሚል ካለ እስከ ዛሬ ማታ ይናገር» ብሏል ከወረዳ የመጣው የመሬት ባለሙያ በእውቀቱ። «ነገ ፎቶው ተጠቅልሎ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ የመሬት ደብተር መታተም ነው።»

ቤተ ክርስቲያኑን በዛፎቹ ክብ አወቀችው። ስድስተኛ ክፍልን ሳትጨርስ የተወችውን ትምህርት ቤት በቆርቆሮው አገኘችውና «አንተም አለህ?» አለችው። ቀጥላ አብራት የምትኖረውን የአክስቷን የይታየሽን ቤት ስትፈልግ፣ ከቤቱ አጠገብ አንድ ነገር ዓይኗን ያዘው። ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር። ከሥሩ የተጻፈውን ፊደል በፊደል አነበበችው፦ «ድንጋያማ። የወል መሬት። ለወጣቶች ንብ ማነቢያ የታሰበ።»

ጉድ ፈላ! እዚያ ቦታ ላይ ስትሮጥ ነው ያደገችው፤ ጠጠር እንኳ አደናቅፏት አያውቅም።

ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደችው። ይታየሽ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የበግ ጠጉር በደጋን ትነድፋለች። ጠጉር አጥባ፣ ነድፋና ፈትላ ባና የሚባለውን ወፍራም የሌሊት ልብስ የምታሠራ ሴት ናት። ከሦስት ጎረቤቶቿ ጋር ተደራጅታ በዚያው ቦታ ላይ ሼድ ሊሠራላቸው ነው፤ ግን መጀመሪያ የመሬቱ ደብተር በስሟ መውጣት አለበት።

«እቴቴ! ደጅሽ ላይ ድንጋይ በቅሏል!»

«ምን ትቀባጥሪያለሽ አንቺ ለፍላፊ?»

ጥሩሐረግ ያነበበችውን ስትነግራት ደጋኑ ከእጇ ወደቀ። «የእናቴን መሬት? ሲለካ እኔ ሰቆጣ ገበያ ነበርኩ። አያ ወልደ ጻድቅ ግን ነበሩ እኮ!»

ተያይዘው ወጡ። አያ ወልደ ጻድቅ የመሬት ኮሚቴው ሽማግሌ ናቸው፤ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ አግዳሚ ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል።

«ባለሙያው ፎቶውን እያሳየ ይህ ድንጋይ የማን ነው አለኝ» አሉ። «ድንጋይ ከሆነማ የወል ነው አልኩት።»

«ግን አያ፣ እዚያ ድንጋይ እንደሌለ ያውቃሉ!» አለች ጥሩሐረግ።

«አውቃለሁ። ግን ልጄ፣ ከሰማይ ሆኖ ያየ ከእኔ አይበልጥም? እኔ ያላየሁት ይኖራል ብዬ ነው።»

በእውቀቱ ከውስጥ ሰምቶ ወጣ። «ፎቶ አይዋሽም።»

«ፎቶውማ መቼ ዋሸ? ከሥሩ የጻፈው ነው እንጂ» አለች ጥሩሐረግ።

የጻፈው ራሱ በእውቀቱ ነው። ፊቱን አጨፈገገ፤ እሷ ግን ጣቷን ፎቶው ላይ ተክላለች። «ይዩት እስቲ ጋሼ፤ ነጩና ጥቁሩ መሐል ቀጥ ያለ መስመር አለ። በማስመሪያ የተከፈለ ድንጋይ የት አገር አይተዋል?»

በእውቀቱ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ቦታውን አጎላው። አራቱም ጎንበስ አሉ። ይታየሽ ዓይኗን ጨፈን ገለጥ አድርጋ አየችና በኽምጣኛ አንድ ነገር ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ምን አሉ?» አለ በእውቀቱ።

«ጠጉሬ ነው!» አለች ይታየሽ በአማርኛ። «አጥቤ ያሰጣሁት ጠጉር! እኛ ቀለም አንነክርም፤ ባናው የሚይዘው የበጉን ቀለም ነው። ስለዚህ ነጩን ለብቻ፣ ጥቁሩን ለብቻ ነው የማሰጣው።»

«ፎቶው በየትኛው ወር ነው የተነሣው?» አለች ጥሩሐረግ።

«ኅዳር።»

«አላልኩም? በጎቹ የሚሸለቱት ከመስቀል በኋላ፤ ኅዳር ላይ ጠጉሩ ፀሐይ ላይ ነው።»

«ታዲያ ያ ሁሉ አሁን የት አለ?»

«ድንጋይዎን ሰቆጣ ላይ ሰው ለብሶት ይተኛል!» አለች ጥሩሐረግ።

አያ ወልደ ጻድቅ እስኪያስላቸው ሳቁ። በእውቀቱም ሊስቅ ከጅሎት ነበር፤ ተወው። «ሳቁ ይቆየን። አዋሳኝ መስክሮ ካልፈረመ አላስተካክለውም። አዋሳኙ ማነው?»

ሳቁ ቀጥ አለ። አዋሳኙ ምንይሉ ነው፤ ከሳዑዲ ተመልሶ የንብ አንቢ ወጣቶቹ መሪ የሆነው። ቦታው የታሰበውም ለእነሱ ነው። ቀፎ እንኳ አሠርተው ጨርሰዋል።

ምንይሉ ተጠርቶ መጣ። ነገሩን ሰማ፤ ፎቶውን አየ፤ አሁንም አየ። በሩ ላይ ያለው ጥላ ረዝሟል። ጥሩሐረግ አላስችል አላት። «ምንይሉ፣ ንብ ድንጋይ ትቀስማለች እንዴ?»

«ዝም በይ አንቺ!» አለች ይታየሽ። ወደ ልጁ ዞረች። «የምታውቀውን ብቻ ተናገር ልጄ። የእኔን ፊት አትይ።»

ምንይሉ አንገቱን አከከ። «ድንጋይ የለበትም» አለ በመጨረሻ። «ልጅ ሆኜ ጠጉሩ ላይ ስንከባለል በልምጭ ሾጥ አድርጋኛለች። የእሷ ነው። ግን የእኛ ቀፎስ የት ይሂድ?»

«ከላይ ግራሩ ያለበት ተዳፋት የወል ነው» አሉ አያ ወልደ ጻድቅ። «ኮሚቴውን ዛሬውኑ እሰበስባለሁ። ይሄን እንኳ ሳልፈራ እናገራለሁ፤ በእግሬ ዞሬ አይቼዋለሁና።»

ምንይሉ ፈገግ ሳይል ፈረመ።

በእውቀቱ «ድንጋያማ» የሚለውን በእስክሪብቶ ሰረዘ። «የአባት ስም?»

«ምሳው።»

ጻፈና ጮክ ብሎ አነበበው። «ይታየሽ ምሳው።»

ይታየሽ ማንበብ አትችልም። ወደ ወረቀቱ ጠጋ አለችና የተጻፈችበትን ቦታ በዓይኗ ፈለገች።

«እስቲ ድገመው ልጄ» አለች።

«ይታየሽ ምሳው።»

ጥሩሐረግ ጣቷን ከፊደሎቹ ሥር እያስኬደች አብራው አነበበች፤ አንድም እንዳልጎደለ ካየች በኋላ ለአክስቷ ራሷን ነቀነቀችላት። ይታየሽ አውራ ጣቷን የአሻራ ቀለሙ ውስጥ ነከረች።