የሂንድ ብርድ ልብስ ስንት መስመር ይሰፋ

ሂንድ እሑድ ታገባለች። ብርድ ልብሷ ግን ዓርብ ከሰዓትም ገና እኔ እጅ ላይ ነበር። ሁለት ጊዜ ሰፍቼ ሁለት ጊዜ ፈትቼዋለሁ።

ብርድ ልብስ ስል ከሱቅ የሚገዛውን ማለቴ አይደለም። በሁለት ጨርቅ መካከል ባዘቶ ይነጠፋል፤ ከዚያ ባዘቶው እንዳይሸሽ ከዳር እስከ ዳር በመስመር ይሰፋል። ቱርክ አገር፣ ቡርሳ፣ ጨርቃ ጨርቅ ስማር ያከራዩኝ ሴትዮ እንዲህ ያለ ሰጥተውኝ ነው ክረምቱን ያለፍሁት። ወደ ሐይቅ ከተማ ከተመለስሁ ወዲህ ብዙ ነገር ጀምሬ ትቻለሁ። ይሄን ግን መተው አልችልም። ሂንድ አብራኝ ያደገች የጎረቤት ልጅ ናት፤ የምታገባው ባድሩ ደግሞ ከውጫሌ በላይ፣ ደጋው ላይ አስተማሪ ነው። ሐይቅ ዳር ያደገች ልጅ እዚያ ሲበርዳት ታየኝ።

ችግሩ የመስመሩ ብዛት ነው። ሲበዛ ባዘቶው ይጨፈለቅና ብርድ ልብሱ እንደ ካርቶን ይደርቃል፣ ሙቀትም አይዝም። ሲያንስ ለስላሳና ሞቃት ይሆናል፤ ግን በታጠበ ቁጥር ባዘቶው ተንሸራቶ ይቋጠራል። መጀመሪያ በስንዝር አራርቄ ሰፋሁ፤ ሳየው ባዶ መሰለኝ፣ ፈታሁት። ቀጥሎ በሁለት ጣት አቀራርቤ ሰፋሁ፤ ላጥፈው ብል እምቢ አለኝ፣ ፈታሁት። አሁን እንደገና በስንዝር ሰፍቼው በረንዳው መደብ ላይ ተዘርግቷል።

የሂንድ እናት እትዬ ዑምኩልሱም መጡና ከራስጌ እስከ ግርጌ አዩት። እናቴ ለተብርሃን አጠገቤ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

«ይሄ ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ስፌቱስ?»

«ተሰፍቷል።»

«የት?»

እናቴ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ለተብርሃን፣ ይቺ ልጅሽ ክር አልቆባት እንደሆነ ንገሪኝ፤ ከቤት ላምጣላት።»

«ክርስ ሞልቷል። የምትሰፋውም የምትፈታውም እሷው ናት። በሷ አያያዝ ሂንድ ወልዳ ክርስትና... ኧረ ዓቂቃ ደግሳ ትደርስባታለች።»

«እትዬ፣ ስፌት ከበዛ እኮ አይሞቅም» አልሁ።

«አይሙቃ! እሑድ የባድሩ አክስቶች ዕቃውን አንድ በአንድ እያነሱ ነው የሚያዩት። ይሄንንም ገልብጠው ስፌቱን ያያሉ። እንዲህ ተራርቆ ካገኙት ‹ልጅቱን ለመሸኘት ቸኩለው ነው› ነው የሚሉ። ወላሂ፣ ያንን ሰምቼ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ይሄን አላሰብሁትም ነበር። አንድ ብርድ ልብስ ሂንድን ያሞቃታል ወይ ብዬ እጨነቃለሁ እንጂ ያሳፍራታል ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። እጄ ወደ መቀሱ ሄደ።

«ተዪ!» አለች እናቴ። «ዑምኩልሱም፣ አንቺም ከመናገርሽ በፊት እስቲ ግቢበትና ቅመሺው።»

«እኔ ሙሽራ ነኝ?»

«አትፍሪ፣ ባድሩ የለም።»

እትዬ ዑምኩልሱም እያጉረመረሙ ጫማቸውን አውልቀው መደቡ ላይ ጋደም አሉ። ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳብሁላቸው።

«እንግዲህ ተኛሁ። ቀላል ነው። ኧረ ቀላል ነው... ስፌቱ ግን...»

የቀረውን ጠበቅን። የመጣው ማንኮራፋት ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ሂንድ ብቅ አለች። ሂናው እንዳይነካባት ሁለት እጇን ወደ ላይ አንስታለች። «እማ የት ገባች ብዬ ነው እኮ! አሟት ነው?»

«ብርድ ልብስሽን እየቀመሰች ነው» አለች እናቴ።

እትዬ ዑምኩልሱም ብድግ አሉ። «አልተኛሁም! ዱዓ ላይ ነበርሁ።»

«ዱዓሽ እስከ መኪና መንገዱ ተሰምቷል።»

«እሺ፣ ይሞቃል። አልዋሽም። አክስቶቹን ግን ምን ላድርጋቸው?»

ያን ጊዜ ነው ሂንድን ማንም እንዳልጠየቃት ያስታወስሁ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አልኋት።

«እኔማ ሙቀት አልችልም። ብርድ ልብስ ስራገጥ ነው የማድር። የሚበርደው እሱ ነው። ‹እግሬ በረዶ ነው› ይላል፤ ካልሲ ደርቦ ነው የሚተኛ።»



«አንቺ ይሄን በምን አወቅሽ?» አሉ እናቷ።

«በስልክ ነዋ!» አለች ሂንድ፤ ፊቷን እንዳትሸፍን ሂናው አልደረቀም።

እናቴ የምስሩን ሰፌድ አስቀምጣ እስኪያስለቅሳት ሳቀች። እኔ ግን ብርድ ልብሱን እያየሁ ነበር። ከደረት በኩል ጠበቅ አድርጌ ብሰፋው ለሂንድ ሙቀት አይበዛባትም፤ ዓይን የሚያርፍበትም እዚያ ነው። ከእግር በኩል እንደተራራቀ ብተወው ለባድሩ ይሞቀዋል። ባዘቶው ቢንሸራተትስ? ቢንሸራተትም እዚያው እግሩ አካባቢ ነው። ይሄንኑ ነገርኋቸው።

«አክስቶቹ ከእግር በኩል ቢገልጡትስ?» አሉ እትዬ ዑምኩልሱም።

«‹ለባድሩ ነው› በያቸው፣ እማ» አለች ሂንድ።

እትዬ ዑምኩልሱም መርፌ ጠየቁ። እኔ በአንድ በኩል፣ እሳቸው በሌላው ሆነን መሃል ላይ ተገናኘን። የሳቸው መስመር ጠመም ይላል፤ እንዲፈታ ግን አልጠየቅኋቸውም።

እሑድ ዕለት ትልቋ አክስት ብርድ ልብሱን አንስተው ገለበጡት። ጣታቸው በጠባቡ ስፌት ላይ ቀስ እያለ ወረደ፤ ወደውት ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። እግር በኩል ሲደርሱ ቆሙ። የእትዬ ዑምኩልሱም እጅ ክንዴን ጨመደደው።

«ይሄኛውስ?»

«ለባድሩ እግር ነው» አሉ እትዬ ዑምኩልሱም፣ ድምፃቸው ቀጥኖ።

አክስትየዋ እህቶቻቸውን ዞር ብለው አዩ። «ሰማችሁ? ይሄ ልጅ እዚህም የእግሩን ነገር አውርቷል!» ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። አክስትየዋ እጃቸውን ለስላሳው ላይ አሳርፈው ትንሽ ቆዩ፤ ከዚያ የሂንድን ወገን ቃኙ።

«የሰፋችው ማን ናት?»

እጄን አነሳሁ። ጠጋ አሉኝና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«የኔ ባል ደግሞ፣ ልጄ፣ ትከሻውን ነው የሚበርደው።»